«ተዉት» ሲባል የሚሞተው ሳር፦ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ምን እየሆነ ነው?

ሳር። ቡና ሲፈላ የምንጎዘጉዘው፣ ከብት የሚግጠው፣ ኳስ የምንራገጥበት ሳር። ስለ ሳር ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቡ ብንላችሁ «ሌላ ወሬ ጠፋ እንዴ?» ልትሉን ትችላላችሁ። እኛም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብነው። ግን አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የሳር መሬት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ለትውልዶች በአንድ ቦታ የኖሩ ቤተሰቦችም ቀያቸውን እንዲለቁ ያደረገ ስምምነት ተፈርሞበታል። እስከ መጨረሻው አብራችሁን ከቆያችሁ ጉዳዩ እኛንም እንደሚመለከት ታያላችሁ።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ፖይንት ሬይስ የሚባል፣ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዘልቆ የገባ መሬት አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1962 ቦታውን የተጠበቀ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ብሎ ከለለው። በውስጡ የነበሩ የወተትና የሥጋ ከብት አርቢዎች መሬታቸውን ለመንግሥት ሸጡ። ግን አልወጡም፤ በኪራይ እዚያው እያረቡ ቆዩ።

በ2022 ሦስት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች «ከብቶቹ መሬቱንና ውሃውን እየጎዱ ነው» ብለው የፓርኩን አስተዳደር ከሰሱ። በጥር 2025 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ 12 እርባታዎች ካሳ ተቀብለው በ15 ወር ውስጥ ለመውጣት ተስማሙ።

እሺ፣ ላሞቹ ሲወጡ ሳሩ ምን ይሆናል?

ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «ምን ይሆናል? ያገግማላ!» የሚል ነው። ከብት ይውጣ፣ ሰው ይውጣ፣ አጥር ይታጠር፣ ተፈጥሮ ራሷን ትጠግናለች። ለብዙ ቦታ ይሄ ይሠራል። ለዚህ ሳር ግን ነገሩ እንደዛ ቀላል አይደለም። ለምን እንደሆነ ከሥሩ እንጀምር።

ለመሆኑ ይሄ ሳር ምንድን ነው?

የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ሳር ምድር ከግዛቱ ደቡብ እስከ ደቡባዊ ኦሪገን ድረስ፣ በባሕሩ ጠርዝ ባሉ ሜዳዎችና ኮረብታዎች ላይ እየተቆራረጠ ይገኛል። ከሩቅ ሲያዩት ተራ የግጦሽ ሜዳ ነው። ጎንበስ ብለው ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ደህና በቆየ ቦታ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ብቻ ከ20 በላይ የዕፅዋት ዝርያ ሊቆጠር ይችላል። አንድ ካሬ ሜትር ማለት የአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ስፋት ነው። ተመራማሪዎች በሰሜን አሜሪካ በዝርያ ብዛት ከታወቁ የሳር ምድሮች ተርታ የሚያስቀምጡት በዚህ የተነሳ ነው።

የዚህ ምድር ምሰሶዎች ከዓመት ዓመት የሚኖሩ፣ በችፍግ በችፍግ የሚበቅሉ ሳሮች ናቸው። ከነሱ አንዱ በ2004 የካሊፎርኒያ ግዛት መለያ ሳር ሆኖ በሕግ ተመርጧል። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሐምራዊ መርፌ ሳር» እንደማለት ነው። ዘሩ ረጅም ጭራ አለው። ጭራው እርጥበት ሲነካው ይፍታታል፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ እንዲህ እየተሽከረከረ ዘሩን እንደ ብሎን ወደ አፈር ያስገባዋል። ሥሩ ደግሞ መሬት ውስጥ ብዙ ሜትር ይወርዳል። አንድ ችፍግ ከ100 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። አስቡት፣ የቅድመ አያታችሁ እኩያ የሆነ ሳር!

ሌላው «የካሊፎርኒያ ኦትግራስ» የሚባለው ነው። ይሄኛው ብልጥ ነው። እንደማንኛውም ሳር ጫፉ ላይ ዘር ያፈራል። ከዚያ በተጨማሪ ግን ታች፣ አገዳው ላይ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ሌላ ዘር ደብቆ ይይዛል። ከብት ወይም አጋዘን መጥቶ ጫፉን ቢግጠው የተደበቀው ይተርፋል። ይህን አንድ ነገር ልብ በሉልን፣ በኋላ እንመለስበታለን፦ ይሄ ሳር መጋጥን ለምዶ፣ ለመጋጥ ተዘጋጅቶ የኖረ ሳር ነው።

በሳሮቹ መካከል ደግሞ አበባው አለ። የክረምቱ ዝናብ አልፎ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን እንደሚያለብሰው ሁሉ፣ እዚያም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ብርቱካናማው የካሊፎርኒያ ፖፒ፣ ሰማያዊው ሉፒን፣ ወይን ጠጁ አይሪስ መሬቱን ያለብሱታል።

«ጉም መዝገን» ቀልድ ያልሆነበት ቦታ

የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ አየር ከኛ ተቃራኒ ነው። ዝናቡ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ነው። እኛ ጋ ክረምቱ በሚከብድበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ሳሩ በምን ይኖራል?

በጉም። በባሕሩ ዳር የሚያልፈው የፓስፊክ ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ነው። እርጥበት ያዘለ አየር በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ነፋሱ ጉሙን ወደ መሬት ይገፋዋል። ጉሙ የሳሩን ቅጠል ሲነካ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታው ወደ ሥሩ ይወርዳል። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት እነዚህ ሳሮች በበጋው ወራት በሥራቸው ከሚወስዱት ውሃ ከ28 እስከ 66 በመቶ የሚሆነው ከጉም የመጣ መሆኑን አሳይቷል።

እኛ ጋ «ጉም መዝገን» ማለት ከንቱ ልፋት ነው። እዚያ ግን ሳሩ የምሩን ጉም እየዘገነ በጋውን ይሻገራል።

ሜዳውን ማን ጠበቀው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ለባሕር የቀረበ፣ ዝናብም ጉምም ያለው ለም መሬት ዝም ብሎ ሳር ሆኖ አይቆይም። መጀመሪያ ቁጥቋጦ ይገባበታል፣ ቀጥሎ ዛፍ ይበቅልበታል። ለሺህ ዓመታት ሜዳ ሆኖ እንዲቆይ ያደረገው ነገር መኖር አለበት።

አንደኛው አፍ ነው፤ ማለትም የሚግጥ እንስሳ። ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት በዚህ ምድር ማሞዝ፣ የዱር ፈረስና ጎሽ መሰል ግዙፍ እንስሳት ነበሩ። እነሱ ሲጠፉ ቱሌ ኤልክ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዘር ግጦሹን ቀጠለ።

ሁለተኛው እሳት ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ በዚያ ባሕር ዳርቻ መብረቅ ብዙ ጊዜ አይወድቅም። ስለዚህ እሳቱን የሚለኩሰው ሰው ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ኦሎኒ፣ ኮስት ሚዎክና ሌሎችም፣ ሜዳውን በየጊዜው፣ በቦታ በቦታ እየከፋፈሉ ያቃጥሉት ነበር። እያወቁ፣ ለምክንያት።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ከቃጠሎ በኋላ የሚወጣው ለምለም ሳር አጋዘኑን ይጠራል። ለቅርጫት መስፊያ የሚሆን ቀጥ ያለ ጭራሮ ይበቅላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምግብ ነው። የሳሩንና የአበባውን ዘር በቅርጫት እያራገፉ ይሰበስባሉ፣ ይቆላሉ፣ ይፈጩታል፣ ዱቄቱን ይበሉታል። ገባችሁ አይደል? በሶ ነው! ገብሱ ብቻ ነው የሌለው። አውሮፓውያን «ሰው ያልነካው ጫካና ሜዳ» ብለው የጻፉለት ምድር ለነዚህ ሕዝቦች ጓሯቸው ነበር።

በ1769 የስፔን ጉዞ በዚያ ዳርቻ ሲያልፍ፣ አብሮ የነበረው ቄስ የተቃጠሉ ሜዳዎችን እንዳየ በማስታወሻው ጽፏል። ከሳንታ ክሩዝ በስተሰሜን፣ አኞ ኑዌቮ አጠገብ ባለው የኪሮስቴ ሸለቆ የተካሄደ ቁፋሮም ይህንኑ ይደግፋል። አርኪዮሎጂስቶች ከዛሬዎቹ የአማ ሙትሱን ሕዝብ አባላት ጋር አብረው እየሠሩ፣ ከአፈሩ ውስጥ የከሰለ ዘርና የጥንት ሳር ርዝራዥ አውጥተው መርምረዋል። ውጤቱ ሸለቆው ለመቶዎች ዓመታት በሰው እሳት ሜዳ ሆኖ መቆየቱን የሚያመለክት ነው።

እሳቱ ሲከለከል፣ ሲናሩ ሲመጣ

ግንቦት 31 ቀን 1793። የካሊፎርኒያ የስፔን ገዥ የነበረው ሆሴ ሆአኪን ዴ አሪያጋ አንድ አዋጅ አወጣ፦ ነባር ሕዝቦች ሜዳ እንዳያቃጥሉ ተከለከለ። ሕዝቡም በበሽታና በግዳጅ ሥራ እየረገፈ ነበር። ከዚያ በኋላ በሜክሲኮም ሆነ በአሜሪካ አገዛዝ ክልከላው በተለያየ መልክ ቀጠለ።

ከስፔኖቹ ጋር ከብት መጣ። ከከብቱ ጋር፣ በጸጉሩ፣ በሰኮናው፣ በመኖው ውስጥ፣ ከሜድትራኒያን አካባቢ የሆነ አረም መጣ። ይህን እንዴት አወቅን? ሚሲዮኖቹ ቤታቸውን የሠሩት ጭቃ ከገለባ ጋር ለውሰው በደረቀ ጡብ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ተመራማሪዎች እነዚያን ጡቦች ሰብረው ሲያዩ በውስጣቸው የአረም ዘር አገኙ። የጭቃ ቤት ግድግዳ የታሪክ መዝገብ ሆነ ማለት ነው።

ከመጡት ውስጥ ዋነኛው የገበሬ ቤተሰብ ለሆናችሁ እንግዳ አይደለም፦ ሲናር ነው። አዎ፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ገብቶ ገበሬውን የሚያማርረው ሲናር ወገን። ሲናርና ጓደኞቹ የአንድ ዓመት ሳሮች ናቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ቶሎ ይበቅላሉ፣ ፈጥነው ያድጋሉ፣ የላይኛውን የአፈር ውሃ ይጨርሱታል፣ ብርሃኑን ይጋርዳሉ። በግንቦት ዘራቸውን ረጭተው ይሞታሉ። የሞተው ገለባ ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ ይቀርና ከሥሩ ያለውን የነባሩን ሳር ቡቃያ ያፍነዋል። ያረጀው ነባር ሳር ሊቋቋም ይችላል፤ ልጆቹ ግን አያድጉም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ማለት ይሄ ነው።

በፊልምና በፎቶ የምታዩት የካሊፎርኒያ «ወርቃማ ኮረብታ» ታዲያ ምንድን ነው? አብዛኛው የሞተ መጤ ሳር ነው። ውበት ብለን ላይክ የምናደርገው ቢጫ ቀለም የወረራው ምልክት ነው። የጣና ሐይቅ እምቦጭም ወይን ጠጅ አበባው ሲታይ ያምራል እኮ።

የቀረውን ከተማ ወሰደው። የባሕር ዳር መሬት ውድ ነው፣ ለጥ ያለ ሜዳ ደግሞ ለመገንባት ምቹ ነው። ከባሕር ዳሩ ሳር ምድር ሩብ ያህሉ በቤትና በመንገድ ሥር እንደገባ ይገመታል።

«ተዉት» ተባለ። ከዚያስ?

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሰዎች ነቁ፤ የቀረውን እንከልል ተባለ። ከብት ወጣ፣ አጥር ታጠረ፣ እሳት ሲነሳ ቶሎ ይጠፋል። መልካም ሐሳብ ነበር። ከዚያ ግን ያልተጠበቁ ነገሮች መታየት ጀመሩ። ሦስት ምሳሌ እንይ።

አንደኛ፣ ቁጥቋጦው። ኮዮቲ ብረሽ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። መጤ አይደለም፣ የአገሩ ልጅ ነው። ግጦሽና እሳት በሌለበት ግን ሜዳውን ይወርረዋል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሳር የነበረው ቦታ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ከሥሩ ረጃጅም ዛፍ ይነሳል። ሳሩን የገደለው ጠላት ሳይሆን ጎረቤት ነው።

ሁለተኛ፣ የሳንታ ክሩዟ ቢጫ አበባ። ታርፕላንት የምትባል፣ በባሕር ዳር ሜዳ ላይ የምትበቅል ትንሽ አበባ በ2000 ለአደጋ የተጋለጠች ተብላ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር ገባች። በሳንታ ክሩዝ ከተማ አራና ገልች የሚባል ሜዳ ላይ ድሮ በብዛት ነበረች። ሜዳው የወተት ከብት ግጦሽ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከብቶቹ ወጡ። አበባዋ ትበዛለች ሲባል አሽቆለቆለች። መጤው ሳር ረዝሞ ዋጣት። ዘሯ ግን አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታትን መጠበቅ ይችላል። ሳሩ ሲታጨድ፣ ሲቃጠልና የላይኛው አፈር ሲፋቅ እንደገና በቀለች። በመጨረሻ ከተማዋ ራሷ ከብት መልሳ ወደ ሜዳው አስገባች።

ሦስተኛው ጉድ ነው፦ መኪናና ቢራቢሮ። ይሄኛው ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከሳን ሆዜ በስተደቡብ፣ ሰርፐንቲን በሚባል ድንጋይ ላይ ባለ የሳር ምድር የሆነ ነው። አፈሩ ድሃ ስለሆነ መጤው ሳር አይወደውም፤ ነባሮቹ አበቦች ግን ለምደውታል፣ ቤይ ቼከርስፖት የሚባል ብርቅ ቢራቢሮም በእነሱ ይኖራል። ስቱዋርት ዋይስ የተባሉ ተመራማሪ በ1999 ያሳተሙት ጥናት የሚለው ይህን ነው፦ ከመኪኖች ጭስ የሚወጣው ናይትሮጅን አየሩን አልፎ መሬቱ ላይ ሲያርፍ እንደ ማዳበሪያ ይሆናል። ድሃው አፈር «ሀብታም» ሲሆን መጤው ሳር ይገባል። ከብት የሚግጥበት ቦታ ላይ ሳሩ ስለሚቀነስ ቢራቢሮው ተረፈ። ከብት እንዲወጣ በተደረገበት ቦታ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ።

አጥር መኪናን ሊያስቆም ይችላል። የመኪናን ጭስ ግን አያስቆምም። «ሰው አይንካው» የተባለውን ሜዳ ሰው በአየር እየነካው ነበር ማለት ነው።

እና ላም ጥሩ ናት ማለት ነው?

ቆይ፣ አንቸኩል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ጎን ለጎን ያሉ የሚጋጡና የማይጋጡ ሜዳዎችን አነጻጽሮ ነበር። ውጤቱ «ላም ትጠቅማለች» ወይም «ላም ትጎዳለች» የሚል አልሆነም። ከብት ባለበት የአንድ ዓመት ነባር አበቦች በዝተው ተገኙ። ከብት በሌለበት ደግሞ ከዓመት ዓመት የሚኖሩት ነባር አበቦች በለጡ። አንዱን የሚጠቅመው ሌላውን ይጎዳል።

ሌላ ምሳሌ ከዚያው ከፖይንት ሬይስ። ሚርትልስ ሲልቨርስፖት የሚባል ቢራቢሮ አለ፤ በ1992 የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል። ትሉ የሚበላው የአንዲት ትንሽ የዱር ቫዮሌት ቅጠል ነው። ሳሩ በጣም ከረዘመ ቫዮሌቷ ትዋጣለች። ከብቱ በጣም ከበዛ ደግሞ ትረገጣለች። ጥያቄው «ከብት ይኑር ወይስ አይኑር?» ሳይሆን «ስንት? መቼ? የት?» የሚል ነው።

ከሳሾቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የእርባታ ፍግ ወደ ጅረት መግባቱ፣ ብዙ ከብት መሬቱን መጠቅጠቁ እውነተኛ ችግር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የኤልኮቹ ታሪክ አለ።

ቱሌ ኤልክ በአደን ብዛት በ1870ዎቹ ጠፋ ሊባል ደርሶ ነበር። ጥቂቶች ብቻ ተርፈው ከእነሱ ተራቡ። በ1978 ወደ ፖይንት ሬይስ 10 ኤልኮች ተመለሱ። ግን ከከብቶቹ ግጦሽ ጋር እንዳይጋጩ ተብሎ ቶማሌስ ፖይንት ላይ፣ በአጥር ጀርባ ነበር የተቀመጡት። በ2020 ድርቅ መጣ። በአጥሩ ውስጥ የነበሩት ከ445 ወደ 293 ወረዱ። በአጥሩ ማዶ ላሞች ይግጣሉ፣ በአጥሩ ወዲህ የአገሩ አውሬ ይሞታል። ይህ ምስል ብዙ ሰው አስቆጣ። በ2024 መጨረሻ ፓርኩ አጥሩ እንዲነሳ ወሰነ።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰዎቹ አሉ። አንዳንዶቹ አርቢ ቤተሰቦች እዚያ ከ100 ዓመት በላይ ኖረዋል። በእርባታዎቹ ተቀጥረው፣ በውስጣቸው ቤት ተሰጥቷቸው ወይም ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞችም አሉ፤ ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። በካሊፎርኒያ የቤት ኪራይ ምን እንደሚመስል ኦክላንድና ሳን ሆዜ ያላችሁ ወገኖቻችን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። «ተፈጥሮ ይዳን» ሲባል ዋጋውን ማን ይከፍላል? ይሄም የጉዳዩ አካል ነው።

ስለዚህ ነው በ2025ቱ ስምምነት ውስጥ ብዙም ትኩረት ያላገኘ አንድ ነጥብ ያለው። ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የሚባለው ድርጅት ከፓርኩ ጋር ሆኖ መሬቱን እንዲንከባከብ ተስማምቷል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ምን መሰላችሁ? ከብት! በተመረጠ ቦታ፣ በተመረጠ ጊዜ፣ በልክ፣ ለሳሩ ተብሎ የሚደረግ ግጦሽ። እርባታው ሲወጣ ላሟ በሌላ በር ልትገባ ትችላለች ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ድሮ ሳሩ ለላሟ ነበር፤ አሁን ላሟ ለሳሩ ትሆናለች።

እሳቱን ይዘው የተመለሱት

ሌላው መሣሪያ ደግሞ እሳት ነው። ከ200 ዓመት በላይ በኋላ ባለሙያ ሆነው እየተጠሩ ያሉት እነዚያው የተከለከሉት ሰዎች ናቸው። የአማ ሙትሱን ወጣቶች የኪሮስቴን ሸለቆ ጨምሮ በአያቶቻቸው ምድር ላይ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ፣ ነባር ዘር እየሰበሰቡ፣ የቃጠሎውን ዕውቀት እንደገና እየተማሩ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት እስካሁን ሕዝባቸውን በይፋ አላወቀም፤ ሜዳው ግን ያለ እነሱ እንደማይሆን እየታየ ነው።

ሕጉም እየተለወጠ ነው። ካሊፎርኒያ በ2021 በጥንቃቄ ለሚካሄድ ባህላዊ ቃጠሎ የተጠያቂነት ጫናውን አቀለለች፤ በ2024 ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ዕውቅና ያላቸው ነባር ሕዝቦች በራሳቸው ሥልጣን ማቃጠል የሚችሉበትን መንገድ በሕግ ከፈተች። የ1793ቱን አዋጅ ያወጣው ሰው ቢነሳ ምን ይል ነበር?

እኛ ጋስ?

ኢትዮጵያ የባሕር ዳር ሳር የላትም። ጥያቄው ግን እኛም ቤት አለ።

ቦረናን ውሰዱ። የቦረና አርብቶ አደሮች ሜዳቸውን በእሳት ይንከባከቡ ነበር። በ1970ዎቹ ቃጠሎ ተከለከለ። ከዚያ የሆነውን አርብቶ አደሩም ተመራማሪውም ይናገራል፦ ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረረው፣ ግጦሹ ጠበበ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያየነው ታሪክ፣ በሌላ ቋንቋ።

ወይም ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ያለውን ጓሳን ውሰዱ። የቦታው መጠሪያ የሆነው የጓሳ ሳር ፌስቱካ ከሚባለው ወገን ነው፤ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርም የዚሁ ወገን ሳሮች አሉ፣ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። ሜዳው እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልነካው አይደለም። የመንዝ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሕግ ስላስተዳደረው ነው። ሳሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ቀኑን የጣሰ ይቀጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ተናጋ፣ ሜዳውም ተጎዳ። ማኅበረሰቡ በኋላ ሥርዓቱን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ቀጠለ።

ስለዚህ አንድ ቦታ «ይጠበቅ» ሲባል ስንሰማ «ከማን?» ብቻ ብለን ባንጠይቅ ጥሩ ነው። «በማን?» የሚለውም አለ። እስካሁን ማን ነበር የሚያጭደው? ማን ነበር የሚያቃጥለው? ምን ነበር የሚግጠው? እነዚያን ስናስወጣ ሥራቸውን ማን ይሠራል? ፖይንት ሬይስ ላይ ለዚህ ጥያቄ ቢያንስ በወረቀት ላይ መልስ ለመስጠት እየሞከሩ ነው። መልሱ ትክክል መሆኑን የሚነግረን ሳሩ ይሆናል፤ ያች ትንሽ ቫዮሌት ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው መኖር አለመኖሯ።

በቤይ ኤሪያ የምትኖሩ ቤተሰቦቻችን፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ ወደ ባሕር ዳሩ ሜዳ ውጡ። ከመንገዱ ሳትወጡ ጎንበስ በሉና አንድ ጠረጴዛ የሚያህል ቦታ ላይ ስንት ዓይነት ቅጠል እንዳለ ቁጠሩ። ፎቶውን ላኩልን።

አገር ቤት ያላችሁስ? በሰፈራችሁ ድሮ ሜዳ የነበረ፣ አሁን ቁጥቋጦ ወይም መጤ አረም የወረሰው ቦታ አለ? ድሮ ማን ነበር የሚጠብቀው? አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሁሉንም እናነባለን።